አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ

"እንቢ አለ" አለች ሀስና። "አራተኛ ሙከራችን ነው እማማ ዓቢዳ። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ያው ቀይ ጽሑፍ ነው።"

"አሁን ደግሞ ምን አለ?"

"ስልኩ የሌላ ሰው ነው ይላል።"

"የሁሪያ ነው እንጂ! ሁሪያ ሌላ ሰው ናት እንዴ? የሚለየን እኮ አንድ ግድግዳ ነው።"

ወይዘሮ ዓቢዳ ከግራና ተነስተው መርሳ የደረሱት በጠዋት ነው። የሀስና ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ፎቶ ኮፒ ይነሳባታል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተምባታል፣ ከሰሞኑ ደግሞ የዘር ምዝገባ ይሞላባታል። ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። ባለፈው ዓመት ጦርነቱ ግራናን ሲያልፍባት ወይዘሮ ዓቢዳ ለዘር ያስቀመጡት ጤፍና ማሾ ከነጎታው ተወስዷል፤ ስልካቸውም አብሮ ሄዷል። አሁን ወልድያ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዘር እሰጣለሁ ብሏል። የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ለተመዘገበ ብቻ ነው፤ ምዝገባውም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ካመለጣቸው መሬታቸው ጦም ማደሩ ነው።

"ይህን ቅጽ የሠራው ሰው ወሎን በካርታም አላያት" አለች ሀስና፣ ድምጿ ከፍ እያለ። "የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል፣ ኢሜይል አምጡ ይላል። ኢሜይል! ዘር ለሌላት ሴት! በስልክ የሚላከውን ቁጥር ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስገቡ ይላል። ስልኩ ግራና፣ እኛ መርሳ!"

ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጎን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ አንገቱን ደፍቷል። ጁነይድ ይባላል፤ የድርጅቱ ባለሙያ ነው። አለቃው አቶ ካሳሁን አንድ ዝርዝር አስይዘው ከወልድያ ልከውታል። በዝርዝሩ ላይ የመቶ አርባ ሦስት ሰው ስም አለ፤ ከላዩ "በማጭበርበር የተጠረጠሩ" የሚል ርእስ ተጽፎበታል። ጥፋታቸው በአንድ ስልክ ቁጥር ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለመመዝገብ መሞከራቸው ነው። የምዝገባው ሥርዓት እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የተመዘገበውን ሰው ሳያስቀር ሁሉንም ይሰርዛል። ሁሪያም ስልኳን ለአራት ጎረቤቶቿ ስለሰጠች ከነጎረቤቶቿ ተሰርዛለች።

ጁነይድ ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ።

ሀስና ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "አንተ? የየት አገር ሰው ነህ?"

"የዚሁ የሲሪንቃ ልጅ ነኝ።"

"ይሄማ ይብሳል! ከአዲስ አበባ ነው ብትለኝ እምርህ ነበር። እናትህ ስልክ አላት?"

የጁነይድ እናት ስልክ የላትም። እሷም የነበራት ባለፈው ዓመት ተወስዶባታል። በየጁምዓው ሲደውል ጎረቤታቸው አንስታ "ቆይ ልጥራልህ" ትለዋለች፤ እሱም ይጠብቃል። "አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ" የሚለውን ደንብ የጻፈው ግን ይኸው እሱ ነው። ሥልጠና ላይ እንዲህ ተማረ፤ ስታንዳርዱ ይህ ነው ተባለ፤ እሱም ጎበዝ ተብሎ ተጨበጨበለት። እናቱ አንድም ቀን ትዝ አላለችውም። አሁን የተሰማው እፍረት ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ ንዴትም ነበር።

ለአቶ ካሳሁን ደወለ።

"ሰዎቹ አጭበርባሪዎች አይደሉም። ስልክ ስለሌላቸው በአንድ ስልክ እየተጠቀሙ ነው። የስልኩን ጥያቄ ከቅጹ ላውጣው?"

"በፍጹም" አሉ አቶ ካሳሁን። "ስታንዳርድ ነው። ስልክ ከሌለው ሰውየው መኖሩን በምን እናውቃለን?"

"ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል እኮ!"

"ለአንተ እንጂ ለሥርዓቱ አልተቀመጡም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ጻፍና በሚቀጥለው ዙር ይታያል።"

"እስከሚቀጥለው ዙር የዘር ጊዜው ያልፍ የለም እንዴ?"

ስልኩ ተዘጋ። ጁነይድ ወደ ወይዘሮ ዓቢዳ ዞረ።

"እማማ፣ እናንተ አገር አንድ ሰው ተደብቆ ሁለቴ ቢመዘገብ በምን ይታወቃል?"

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ግራና ላይ? ቅሬው ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? ሰው ሲሞት ማን እንጨት እንዳመጣ፣ ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንደቀረ የዕድራችን ዳኛ ሸህ አብዱልሐሊም በቃሉ ይዞታል። እያንዳንዱን ቤት ያውቃል። ሁለቴ የወሰደ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣን ሰው ደግሞ ማን ይቀብረዋል ልጄ?"

ጁነይድ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የራሱን ሥራ ማፍረስ ጀመረ። ኢሜይሉን አወጣው። የቤተሰብ ስሙን አወጣው። ስልኩንም ከነሁለት ደቂቃው ቁጥር አወጣው። መካከል ላይ መብራት ሄደ፤ ሀስና ሳታጉረመርም ኢንተርኔት ከስልኳ ከፈተችለት። ሸህ አብዱልሐሊምም በስልክ ተገኙና ማታ ጁነይድ የተመዘገበውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ ሲያነብላቸው ሊያረጋግጡለት ተስማሙ።

"'የማንነት ማረጋገጫ' ያልከው ምንድን ነው?" አለች ሀስና ከትከሻው በላይ እያየች።

"ቅሬውን የሚጽፉበት ነው።"

"እንደዚያ ካልከው ማንም አይገባውም። 'ማን ያውቅዎታል?' በለው።"

አጠፋና እሷ እንዳለችው ጻፈው። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ቅጹ ሦስት ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ማን ያውቅዎታል። ማንንም ሳያስፈቅድ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

"በሉ እማማ፣ ከእርስዎ እንጀምር።"

"የለም" አሉ ወይዘሮ ዓቢዳ፣ ነጠላቸውን ጠበቅ እያደረጉ። "ሁሪያን መልሳት መጀመሪያ። ስልኳን ስለሰጠችን ሌባ ተባለች። እሷ ሳትመለስ የእኔን አትጻፍ።"

ሁሪያ ተጻፈች፤ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ቀጥሎ ዓቢዳ፣ ከዚያ አሰለፈች፣ ከዚያ ውባለም። ይኼኔ የጁነይድ ስልክ ጮኸ።

"ምን አደረግህ?" አቶ ካሳሁን ይጮሃሉ። "ማን ፈቀደልህ? አሁኑኑ መልሰው! ካልሆነ የይለፍ ቃሉን ላክልኝ፣ እኔ አስመልሰዋለሁ።"

"ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እልክልዎታለሁ" አለ ጁነይድ። "አሁን ሰው ይዣለሁ።" ዘጋው። እንጀራው በዚያ ስልክ ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃል።

"አምስተኛዋ ማን ናት እማማ?"

"ሉላ። ሉላ ገብረሕይወት።"

የጁነይድ ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ሀስናም ቀና አለች። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ስም የያዘ ሰው የትግራይ ተወላጅ ነው ተብሎ በየኬላው ከሌላው ተለይቶ ይቆም ነበር። እንዲያውም የድሮው ቅጽ ስሙን አልቀበልም ቢል ማንም ለምን አይልም ነበር። አቶ ካሳሁን ደግሞ ነገ አጥፍተሃል ብለው ከከሰሱት ክሱን የሚጀምሩት ከዚህ ስም እንደሚሆን ጁነይድ አልጠፋውም።

ወይዘሮ ዓቢዳ የሁለቱንም ፊት አዩና ተቆጡ።

"ምን ትተያያላችሁ? ባለቤቴ ሲሞት ውሃ የቀዳችልኝ እሷ ናት። የቅሬያችን ሰው ናት። 'ማን ያውቅዎታል' አይደል የሚለው? እኔ አውቃታለሁ!"

ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ። ጁነይድ ድምፁን አጠፋውና የሉላን ስም ጽፎ ላከው።