«ዐረፉ» በልልኝ

እኔ ፋንታሁን የእድር ጡሩምባ መንፋት ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከወለቃ መንገድ በታች ያለው ሰፈር ሁሉ ጎህ ሲቀድ ድምፄን ከሰማ ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ምን ብዬ እንደምለፍፍ ግን እኔ አልመርጥም። የእድሩ ጸሐፊ መሪጌታ ዕንባቆም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይሰጡኛል። ለካህንና ለባለሀብት «ከ/ዓ/ድ/ዐ» ይላሉ፤ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ ማለት ነው። ለቀረነው «ሞ» ብቻ። ሞተ፣ ሞተች፣ አለቀ!

ባለፈው ኅዳር እማማ እቴነሽ ሲያርፉ ወረቀቱ ላይ ያችው «ሞ» ነበረች። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ሙሉ የቆሎ ተማሪ ልብስ ሲያጥቡ፣ የታመመውን ሲያስታምሙ የኖሩ ናቸው። ከኮሶዬ በሉት ከአምባ ጊዮርጊስ፣ የመጣው ተማሪ ሁሉ «እናቴ» ነበር የሚላቸው። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ልጃቸው አበቡ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«አያ ፋንታሁን፣ ዐረፉ በልልኝ።»

«ሕጉ አይፈቅድም ልጄ። ከሥራ ያስወጡኛል።»

«ምነው! እናቴ አንድ ቀን እንኳ ተረጋግታ ቁጭ ሳትል ነው የሄደችው። የደከመችው እሷ፣ ዐረፈ የሚባለው ሌላ ሰው? ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ሰፈሩ ይስማልኝ።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ መሪጌታ ተመለስኩ።

«ይቺን ይቀይሩልኝ» አልኳቸው።

«ሥርዓት ነው። ለሁሉም ዐረፉ ካልን የካህን ክብር የት ይገባል?»

ደሜ ፈላ። «እርስዎ ራስዎ በተማሪነትዎ ተስቦ ሲጥልዎ ማን ነበር ያስታመመዎት?»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ያስተካክሉ ጀመር። እኔም ትቻቸው ወጣሁ።

ከዚያማ ነፋሁት! «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የተማሪ ሁሉ እናት እማማ እቴነሽ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ! ቀብር በስምንት ሰዓት!» ጉሮሮዬ እስኪነቃ በየደጁ ደገምኩት።

ቀብሩ ላይ መንገዱ በሰው ጢም አለ። ድሮ እማማ ልብስ ያጠቡላቸው ተማሪዎች ዛሬ ቄስ ሆነው በሚኒባስ ደረሱ። መሪጌታ ዕንባቆም ከአስከሬኑ ፊት ፊት ነበሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ከሥራ ያስወጣኝም የለም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ሰባት ሴቶች! የፊተኛዋ የጫኝ አውራጁ የመልካሙ ሚስት ናት።

«አያ ፋንታሁን፣ ባሌን አምና ሞተ ብለህ ነው ያስቀበርከው። እንደገና ንገርልኝ።»

ሌላዋ እናቴን አለች፣ ሌላዋ ልጄን።

የተቀበረ ሰው ሁለቴ ይለፈፋል ወይ? ማን ሰምቶ ያውቃል! ግን ጡሩምባዬን አንስቼ ወጣሁ። «አቶ መልካሙ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ!» ስል ሚስቱ ከኋላዬ እልልታውን አቀለጠችው። ሰው ከየቤቱ እየወጣ የየራሱን ሰው ስም ይሰጠኝ ገባ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሠላሳ አንድ ሰው ጠራሁ።

የመጨረሻውን ስም የነገረኝ የለም። ሚስቴ ይርገዱ ከተለየችኝ ስምንት ዓመት ሆናት፤ ያኔ «ሞተች» ብዬ የለፈፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ደጄ ላይ ቆሜ ጡሩምባውን ነፋሁ።

«ወይዘሮ ይርገዱ» አልኩ ባለኝ ጉልበት ሁሉ፣ «ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ!»

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ እልል አሉ።