የአባባ እርምጃ ስልሳ ሁለት ሳንቲ

በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወንጌል ዋቅቶላ ልትስለው የማትችለው ቤት የለም። ይህን ያለው ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሷ ወንጌል ናት። ያለችውም ላምበረት መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው የጋሽ ፍሥሐ ፕላን መሳያ ቤት፣ ሦስት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ አንድ እጇን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው።

«ቤተ መንግሥትም ቢሆን?» አላት አንዱ።

«ሜትር ይዤ ካስገቡኝ።»

ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርት ያቆመችው ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ እናቷ በሞተችበት ዓመት ነበር። ጋሽ ፍሥሐ ዘንድ የተቀጠረችው ወለል ለመጥረግና ሻይ ለማመላለስ ሲሆን፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ በትከሻቸው በኩል ስታይ፣ ስታይ ከርማ አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ወንበር ባዶ አገኘችውና ተቀመጠችበት። ጋሽ ፍሥሐ ሲመለሱ የራሳቸውን ሱቅ ስላ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሻዩን ራሳቸው ያመጡ ጀመር።

ከሁሉ የምትወደው ግሪዱን ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ በመስመር እንደ ተተከለ የሽንኩርት ችግኝ እኩል እኩል የተደረደሩት ነጥቦች። ስናፕ የሚባለው መያዣ ከበራ ደግሞ ማውሱ መሃል ቤት መንገዋለል አይችልም፤ ከነጥብ ዘሎ ነጥብ ላይ ይለጠፋል። እጅ ቢንቀጠቀጥ መስመር አይንቀጠቀጥም። «ስናፕ የሰነፍ እጅ ጠበቃ ነው» ትላለች፣ የእሷም እጅ ጠበቃ ያስፈልገዋል እንዳይባልባት ቶሎ ብላ፣ «ለሌሎች ማለቴ ነው» ትጨምራለች።

በ2007 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ ግርጌ የነበረው ሰፈራቸው ሊፈርስ ሆነ። ለእነ ወንጌል የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አባቷ ዓይነ ስውር ነውና ግራውንድ ላይ።

አባቷ ዋቅቶላ ሃያ ሁለት ዓመት የእንጦጦ ደን ጥበቃ ነበር። ከየትኛው የባሕር ዛፍ ጉቶ እስከ የትኛው ምንጭ ስንት እርምጃ እንደሆነ በቃሉ ይናገራል። የዓይን ግፊት ብርሃኑን በጥቂት በጥቂቱ ሲወስድበት በዚያው ልማዱ ቤቱን ቆጠረው። ከአልጋ እስከ በር ሰባት። ከበር እስከ ቧንቧ አሥራ አንድ። ከቧንቧ እስከ ሽንት ቤት አሥራ ዘጠኝ። ወንጌል ማለዳ ወጥታ ማታ እስክትገባ ብቻውን ይውላል፤ ማንም አይመራውም፣ ማንንም አያስቸግርም።

አዲሱ ቤት ግን ያልተቆጠረ ነው። ወንጌል ሥራ ካልዋለች የሚበላ የለም፤ የካ አባዶ ደግሞ «እስኪ አባባን አንድ ጊዜ እዩልኝ» የሚባል ጎረቤት ገና አልተገኘም። ደብረ ብርሃን የሚኖሩት የአባቷ ታናሽ ወንድም ጉደታ ይህን ሰምተው ደወሉ።

«ብቻውን ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ካልቻለ እኔ እወስደዋለሁ» አሏት። «ገብታችሁ በገባችሁ ቅዳሜ እመጣለሁ። በዓይኔ አያለሁ።»

«ይምጡ አጎቴ፤ ያያሉ።» ስልኩን ዘጋችና ወደ አባቷ ዞረች። «እንደ ጆንያ አውቶብስ ላይ ሊጭኑህ ነው።»

«የጆንያን ሒሳብ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው» አለ ዋቅቶላ። «አይከፋም።»

እሷ ግን አልሳቀችም። እናቷ ከሞተች በኋላ ማታ በር ስትከፍት «መጣሽ?» የሚላት እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ እሑድ የነቀዘ ዱቄት አምጥታ የአሮጌው ቤት አፈር ወለል ላይ ነሰነሰችው።

«ምንድን ነው የምትበትኚው?»

«ዱቄት። በል ከአልጋህ እስከ በሩ ሂድልኝ።»

ሄደ። እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ፣ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ። ወለሉ ሃያ ዓመት የተረገጠበት ቦታ ሁሉ ጎድጎድ ብሏልና ዱቄቱ እየተጠራቀመ ዱካው ቁልጭ አለ። ሜትሯን ዘረጋች። ሰባቱም እርምጃ አንዱ ከአንዱ በጣት አይበልጥም፤ ስልሳ ሁለት ሳንቲ፣ ስልሳ ሁለት ሳንቲ። ለመለካት የተሠራ ሰው ነው አለች በልቧ።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ፍሥሐ ከኋላዋ መጥተው ስክሪኑን አዩ። የአዲሱን ቤት ግድግዳ ስላ ጨርሳ ግሪዱን እያስተካከለች ነበር።

«ስናፑን ስንት አደረግሽው?»

«ስልሳ ሁለት ሳንቲ። ግሪዱንም እንደዚያው።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «በስልሳ ሁለት ቤት ሲሳል አይቼ አላውቅም። አምስት አድርጊው፣ አሥር አድርጊው።»

«የእርስዎ ደንበኞች የሚሄዱት በዓይናቸው ነው፣ ጋሼ። ይኼ የአባባ እርምጃ ነው። አንድ ነጥብ፣ አንድ እርምጃ።»

ጋሽ ፍሥሐ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ዜሮሽስ የት ነው? ግሪዱ ከየት ይነሳል?»

«ከሽንት ቤቱ በር። እሱን ማንቀሳቀስ አልችልም፤ አልጋውን ግን እችላለሁ።»

አልጋውን ጎትታ ነጥብ ላይ አሳረፈችው። ቁም ሳጥኑን፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም ነጥብ ነጥብ ላይ። ከአልጋው ተነስቶ ሦስት ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ አራት። ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ።

«ጎበዝ ነሽ» አሉ ጋሽ ፍሥሐ። «ግን ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ገመድ ብትወጥሪለት አይቀልም? ከአልጋው እስከ በሩ። ይዞት ይሄዳል።»

«ገመድ ለበሬ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፍሥሐ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ጥቅል የናይለን ገመድና አራት ሚስማር ገዝተው መጡና የእሷ ጠረጴዛ ሥር አኖሩት። ገመዱ እዚያው ቀረ።

ያን ማታ ፕላኑን በትልቅ ወረቀት አትማ ይዛ ገባች፤ ገመድ ለበሬ ነው ያለችውንም እየሳቀች ለአባቷ ነገረችው።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አላት።

«ቤታችን።»

በጣቶቹ ዳበሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። «ለስላሳ ነው። እንዲህ ከሆነ አያደናቅፍም።» ልትወስድበት ስትል ደግሞ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና ሳቀ።

ረቡዕ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው የካ አባዶ ገቡ። ወንጌል ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ ሜትሯን ይዛ፣ ተሸካሚዎቹን «ሁለት ሳንቲ ወደ ግራ» እያለች ስታሰቃይ ዋለች። «አልጋ ነው ወይስ አውሮፕላን የምናሳርፈው?» አለ አንዱ። ሲጨርሱ አባቷን አልጋው ጫፍ ላይ አቆመችው።

«ሦስት፣ ቀኝ፣ አራት።»

«ሦስት፣ ቀኝ፣ አራት» አለና ተነሳ።

ሦስት ብሎ ወደ ቀኝ ሲዞር ፊቱ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተገጣጠመ።

«አሳጠርከው፣ አባባ።» እየሳቀች መለሰችው። ሁለተኛም ቁም ሳጥኑ ጠበቀው። ሦስተኛም። የዕቃዎቹን ቦታ ደግማ ለካች፤ ሚሊ አልተዛነፈም። ያኔ ነው ጠመኔ ፈጭታ ሲሚንቶው ላይ የነሰነሰችው። አርባ አንድ። ሠላሳ ስድስት። ሃያ ዘጠኝ። አንዱ እርምጃ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

«እንደ ድሮው ተራመድ እንጂ።»

«እንደ ድሮው ነው የተራመድኩት።»

«ስልሳ ሁለት ነበር እኮ። ለክቼዋለሁ።»

ዋቅቶላ አልጋውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «እዚያኛው ቤት ወለሉ ጎድጓዳ ነው» አላት። «እግሬን ሳነሳ የሚቀጥለው ጉድጓድ ይቀበለኛል። ይኼ ግን ሁሉ ቦታው አንድ ነው። የት እንደማሳርፍ አላውቅም።»

ጉድጓዶቹን አይታቸው ነበር። ዱቄት ሞልታ፣ በሜትር ለክታቸው ነበር። ግን ጉደታ የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ አሮጌው ቤት ደግሞ ዕቃቸው እንደወጣ በዶዘር ተደፍጥጧል። የቀራት ማለማመድ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ቀረች። «አንድ፣ ረዘም አድርገው። ሁለት፣ ረዘም።» ዓርብ ጠዋትም ቆማ እንደ ሰልፍ አሠልጣኝ ስትጮህበት፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጁ የሽንት ቤቱን በር እጀታ አገኘ። አጨበጨበች። ሥራ ቦታ ስትደርስ፣ «ቀጥ ብሏል» አለች ለጋሽ ፍሥሐ።

«ገመዱስ?»

«ምን ያደርጋል?»

ቅዳሜ ጉደታ ዳቦ በፌስታል ይዘው ገቡ። ሦስቱም ቁጭ ብለው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አወሩ። ዋቅቶላ ንጹሑን ሱሪ ለብሷል። ከማለዳ ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄደም፤ ወንድሙ ሳይመጣ መሄድ አልፈለገም፣ በወንድሙ ፊት ሊሄድ ነበር ያሰበው። ይህን ወንጌል ያወቀችው በኋላ ነው።

«በል እንግዲህ፣ ወንድሜ» አሉ ጉደታ።

ተነሳ። አንደኛውን እርምጃ እንደ ወንዝ ዘለለው። ሁለተኛውንም። አፉ ሲቆጥር፣ «ረዘም» ሲል ሰማችው፤ የእሷን ቃል። ሦስተኛውን ከሁሉ አስረዘመው። ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለና፣ አራተኛውን ሊል እግሩን ሲያነሳ ግንባሩ ከግድግዳው ጠርዝ ጋር ተላተመ። በጉልበቱ ወደቀ። እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለ ንጹሑ ሱሪ ከላይ ጀምሮ እየጠቆረ፣ እየረጠበ መጣ።

ጉደታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወንጌል ልታነሳው ሮጠች።

«ተይ» አለ አባቷ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፤ ግንባሩ ይደማል። «ጉደታ፣ ሱሪ አቀብለኝ። እሷ ትውጣ።»

ደረጃው ሥር ቆመች። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ኳሱ ሁለት ጊዜ እግሯ ሥር ሲመጣ ሁለት ጊዜም አላየችውም። ተጠርታ ስትገባ አባቷ ተጣጥቦ፣ ግንባሩ ታስሮ ተቀምጧል።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አላት።

«አባባ፣ ገመድ አለ። ጋሽ ፍሥሐ ገዝተው...»

«ለበሬ ነው ያልሽው?» አልተቆጣም። «ሱሪዬን ልጄ አታጥብም፣ ወንጌሌ። ከጉደታ ጋር አብረን ነው ያደግነው፤ እሱ ቢያየኝ ግድ የለም።»

ብዙ አለቀሰች፣ ብዙም ተከራከረች። እሱ ግን ሐሳቡን የሚቀይር ሰው አይደለም። «እሺ፣ እሺ» እያለ የጠዋቱን አውቶብስ ሰዓት ወንድሙን ይጠይቃል።

እሑድ ቸርች አልሄደችም። የፕላን ቤቱን ቁልፍ ይዛለችና ከፍታ ገባች፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እግሯ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የገመድ ጥቅል ሲነካ ወደ ጎን ገፋችው። ስናፑን ሠላሳ ስምንት አደረገችው። አልጋው መስኮት ላይ ወጣ። ሠላሳ ስድስት አደረገችው። ቁም ሳጥኑ በሩን ዘጋ። የትኛው ቁጥር የአባቷ ነው? ረቡዕ የነበረው፣ ሐሙስ የነበረው፣ ወይስ ቅዳሜ በፍርሃት የረዘመው? ወደ ማታ ግድም ስናፑን አጠፋችው። ማውሱ ተለቀቀ፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ መስመሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ጠበቃ አልነበራትም። በማውሱ ከአልጋው ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ቁም ሳጥኑን ዞራ፣ እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ሳበች። ገመዱ ነው። የሚስማሮቹንም ቦታ አራት ነጥብ አድርጋ አኖረች። አትማ፣ አጣጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩን ቆልፋ ወጣች።

ሰኞ ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ገና ጭጋጉ ከእንጦጦ በኩል አልለቀቀም ነበር። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው የቀረው» ይላል። አባቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ጉደታ ከጎኑ የመንገድ ዳቦ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ወንጌል መስታወቱን አስከፍታ ወረቀቱን በእጁ አስያዘችው።

«አባባ፣ አስተካክዬዋለሁ። ስናፑን አጥፍቼዋለሁ፣ የእርምጃ ጣጣ የለም። ገመዱንም አግብቼዋለሁ። ይኸው፣ በቀይ፣ ከአልጋህ ጀምሮ እስከ በሩ። ሚስማሩ ሁሉ አለ። የትም ቤት ላይ እንዲህ የተሳለ የለም። ውረድና እንሂድ።»

ዋቅቶላ ወረቀቱን ዘረጋ። እንደዚያን ማታ በጣቶቹ ዳበሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ፣ ቆም ብሎ፣ ተመለሰ። ምንም አላገኘም። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ዋቅቶላ ወረቀቱን አጣጥፎ በመስኮቱ መለሰላት።

«ዓይን ላለው ሰው ስጪው።»