ዳር ላይ ያለው ቀለበት

በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ፣ ከአንድ ጣሳ የማይበልጥ ሸክላ፣ የምስጋናው ጭን ላይ ራስ ዳሽንን ያህል ከብዷል።

አባቱ ያረፉት የድግስ ተራቸው ደርሶ፣ የማኅበሩ ጽዋ ቤታቸው ሳለ ነው። እንደ ወጉ ልጅ በአባቱ ቦታ ገብቶ ይደግሳል፤ ያለዚያ ጽዋውን ይመልሳል። ምስጋናው ከጎንደር ማክሰኝት ድረስ የመጣው ሊመልስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሚስት የለው፣ ጠላ ጠማቂ የለው። ማኅበርተኞቹም ቢሆኑ እንኳን አዲስ ሰው ሊጨምሩ፣ ያሉትም እየጎደሉ ነው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው አያ ቢያዝን ግን ድግሱ ላይ ወሬያቸውን ይዘዋል። በሬያቸው አንዴ ቢያገሳ የማክሰኝት ገበያ ተበትኗል፤ ሩቅ አይከል ያሉ ላሞች ሳይቀሩ ዞረው አይተዋል።

«የአንተስ ሥራ ምንድን ነው? ሰማይ ይቆጥራል አሉኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት የፈጀበት፣ ቅርጹ ምስር የመሰለ ጋላክሲ፤ ዙሪያውን እርስ በርስ እየተሳሳቡ የሚኖሩ ባልንጀሮቹ።

«ይቺን ምስርማ እኔ በአንድ ጉርሻ።»

«በየትኛው ጥርስዎ፣ አያ ቢያዝን?» አሉ በአባቱ ተራ ዛሬ የደገሱት እማማ የትነበርሽ።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ምስጋናው ለመጣበት ነገር በር የተከፈተ መሰለው።

«ያረጀ ነው» አለ። «ኮከብ የሚሠራበት ጋዝ አልቆበታል። ከእንግዲህ አይወልድም።»

ሳቁ ተቆረጠ። አያ ቢያዝን መደቡን አዩ። ማኅበርተኞቹ ተጨናንቀው ተቀምጠው፣ የምስጋናውን አባት ቦታ ግን ማንም አልነካውም።

«ጭራሽ?»

ጭራሽ ሊል አፉን ከፈተ። ጽዋ ይዞ መዋሸት በዚህ ማኅበር አይታሰብም፤ ይህንንም ያስተማሩት አባቱ ናቸው። በስልኩ መስታወት ላይ የማይለየው፣ እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑ እስኪፈስ ያጠናው ነገር ትዝ አለው።

«ጭራሽስ አይባልም» አለ ቀስ ብሎ። «ዳሩ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለ። ከጎረቤቱ የሳበው ጋዝ ይመስለናል። እዚያ አዳዲስ ከዋክብት አሉ።»

«ሸጋ ነገር ነው። ምነው ታዲያ ደበቅኸን?»

አያ ቢያዝን ጽዋውን ሊቀበሉት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ለምን እንደመጣ ከመነሻው ያውቁ ኖሯል። ምስጋናው ጽዋውን ከጭኑ አነሣ። ጠዋት ከአባቱ ቤት ሲያወጣው በረዶ የነበረው ሸክላ፣ አሁን የእሱን ገላ ያህል ሞቋል። ሊሰጥ የዘረጋቸው እጆቹ መሐል ላይ ቆሙ፤ ዓይኑ ባዶ ወደቀረው የአባቱ ቦታ ሄደ።

ሽማግሌው አላጣደፉትም።