የተዘጋው የብረት በር

የደብረ ታቦር ሰው ውሃ የሚያሳስበው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ፣ በጋ ቧንቧው ሲደርቅ ነው። መርከብ ሲሰጥም ለማየት ብሎ እዚህ ደጋ የሚወጣ የለም። ማሩ ግን በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ብየዳ ሲሠራ ኖሮ ጡረታው ሊደርስ ሲል፣ በመምህርት ሰብለወንጌል ኮምፒውተር ላይ አንዲት መርከብ ስትሰጥም አየ።

ሰብለወንጌል የተበሳች መርከብ ውስጥ ውሃ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚያልፍ ለማስተርስ ጥናቷ በኮምፒውተር እያስመሰለች ታሰላ ነበር። የተሰበረ ወንበሯን አድሶ ያመጣላት ማሩ፣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሲሆኑ ቆሞ ቀረ።

«በሩ የታለ?» አላት።

«የትኛው በር፣ ጋሽ ማሩ?»

«ውሃው እንዳያልፍ የሚዘጋው።»

ማሩ የባሕር ኃይል ወታደር እንደነበረ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው የማያውቀው ይህን ነው። ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው መርከባቸው በመድፍ ተመታች። ውሃ ወደ ሞተሩ ክፍል ሲገባ አዛዡ «ዝጋ!» ብሎ ጮኸ። ማሩ የብረቱን በር ዘጋ፤ መዘውሩንም አጠበቀ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ የነበረው የአገሩ ልጅ፣ የገሳዩ ደሳለኝ፣ ከወዲያ በኩል ቀረ። መርከቧ ተርፋ ወደብ ገባች።

ማሩ አገሩ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ገሳይ፣ ወደ ደሳለኝ እናት ወደ እማሆይ ካሰች ነው። «መድፉ ሲመታን ያን ጊዜውኑ አረፈ፤ አልተሰቃየም» አላቸው። እሳቸውም አልቅሰው ሲያበቁ «አንተ ተረፍክልኝ» ብለው ልጅ አደረጉት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አጨደላቸው፤ የሣር ቤታቸውን በቆርቆሮ ለወጠላቸው፤ በየበዓሉ ከእጃቸው ጎረሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የማሩ ግን ከየጉርሻው ጋር እየከበደ ሄደ። ያም ሆኖ አንድ መጽናኛ ነበረችው፤ በሩን ባልዘጋው ኖሮ ሁሉም ያልቁ ነበር።

ይህችን መጽናኛውን ነው ሰብለወንጌል እጅ ላይ የጣለው። ደሳለኝን ሳይደብቅ ሁሉንም አጫወታትና «እስቲ የኔን መርከብ አስገቢልኝ» አላት። የክፍሎቹን ስፋት፣ የቀዳዳውን ልክ፣ የበሩን ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሳለላት።

በሦስተኛው ቀን ስትጠራው ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በሩ ማሩ በዘጋበት ሰዓት ሲዘጋ፣ መርከቧ ተረፈች። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ሲዘጋ፣ ዘመም ብላ ተረፈች። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲዘጋም ተረፈች። የተገለበጠችው አምስት ደቂቃ ሲቆይ ነው።

ደሳለኝ ደረጃውን ወጥቶ ለማለፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

«እርስዎ እኮ በዚያ ሰዓት ይህን ሊያውቁ አይችሉም» አለች ሰብለወንጌል ተጨንቃ። «ልኩም ከትዝታ የመጣ ነው። ሊሳሳት ይችላል።»

«አራት ዓመት የኖርኩበት ክፍል ነው ልጄ» አላት ማሩ። «አልተሳሳተም።»

ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? ማንም። ግን ከእንግዲህ ከእማሆይ እጅ እንዴት ብሎ ይጎርሳል? ቅዳሜ በሚኒባስ ተሳፍሮ ገሳይ ወረደ።

እማሆይ ባቄላ ሲፈለፍሉ አገኛቸው። ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። ቆቡን በእጁ እንደያዘ፣ ትእዛዙንም፣ በሩንም፣ ሰብለወንጌል ያሰላችውን ደቂቃም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። እማሆይ እየፈለፈሉ ሰሙት። ሲጨርስ እጃቸው ቆመ።

«ሲዘጋበት ምን አለ?» አሉት።

«በሩን መታ፣ እናቴ።»

«አንተ ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ስንቴ መታ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ» አሉ እማሆይ። ማሩ ቢሰድቡት፣ የያዙትን እንቅብ ቢወረውሩበት ይሻለው ነበር።

ሁልጊዜ እስከ አስፋልቱ ሳይሸኙት የማይመለሱት ሴት ዛሬ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ማሩ ለጥ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። እጁ እንደ ልማዱ መዝጊያውን ሊስብ ሲል፣ ከኋላው ድምፃቸው መጣ።

«አትዝጋው» አሉ።