ሁለት ኪሎ ተኩል

ቦዲል ከፖስታ ቤት ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ገበያ ደርሳ ስትመለስ አንዱ ቀፎዋ ቀልሎ ቆያት። ግማሹ ንብ አውራዋን ይዞ ኮብልሏል። በምትኖርበት በሞርስ ደሴት ሁሉ የት እንደገባ ያየ ሰው አልተገኘም።

መስከረም ሲገባ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት መሄድ ጀመረች። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቶርኪል የሚባል የቀድሞ ራዲዮ ጠጋኝ ማይክሮኮንትሮለር ያስተምራል፤ ፕሮግራም የሚጻፍባት፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ሰሌዳ ናት።

"ምን መሥራት ፈለግሽ?" አላት።

"ቀፎዬን የሚመዝን ነገር። ንቡ ሲወጣ በስልኬ የሚነግረኝ።"

"መጀመሪያ አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም አድርጊልኝ።"

ለእሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አገላብጣ ሁለት ሰሌዳ አቃጠለች። ሽቦ ስትበይድ ጣቷ ተጠበሰ። ሚያዝያ ላይ ሚዛኑን ከቀፎው ሥር አስገባችው፤ ሚዛኑ ግን ይዋሽ ነበር። ሌሊት ሲበርድ ቀፎው ግማሽ ኪሎ ይከብዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይቀላል። ቦዲል አንድ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ሙቀቱንና ክብደቱን ደብተር ላይ እየጻፈች ልዩነቱን አወጣች፤ ያንኑ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን አመነችው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ምድር ቤት ሳለች ስልኳ ጮኸ።

"ከሠላሳ ስምንት ኪሎ ወደ ሠላሳ አምስት ተኩል ወረደ" አለች። "በአሥር ደቂቃ።"

ቶርኪል ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል "ሽቦ ላልቶብሽ ነው" አላት።

"ሽቦ ቢላላ ቁጥሩ ይዘባርቅ ነበር። ይሄ ወርዶ ቀጥ ብሏል።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

እስከ ቤቷ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። መንጋው በጎረቤቷ በአይቪን የፕለም ዛፍ ላይ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከአይቪን ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ንቦቿ የተሰጣ ነጭ አንሶላውን በኩሳቸው አበላሽተውበት የክስ ማስፈራሪያ በአደራ ደብዳቤ ልኮባት፣ ፖስታ ቤት ራሷ ፈርማ ተቀብላዋለች።

በሩን አንኳኳች።

"ንቦቼ ግቢህ ገብተዋል። መሰላል ታውሰኛለህ?"

አይቪን ዛፉን አየ፤ እሷን አየ። "ጠዋት ስትወጪ አይቼሻለሁ። ማን ነገረሽ?"

"ቀፎው።"

"ተይ እንጂ!"

ስልኳን አሳየችው። መስመሩ ቁልቁል የወረደበትን ቦታ በጣቱ ነካ አደረገው።

"ራስሽ ነሽ የሠራሽው?"

"ራሴ ነኝ።"

"እሺ ቆይ፣ ኮፍያ ላድርግ።"

መሰላሉን ያዘላት፤ እሷ ባዶ ካርቶን ይዛ ወጣች። ቅርንጫፉን አንዴ ስትመታው መንጋው ካርቶኑ ውስጥ ዱብ አለ። አንዲት ንብ አይቪንን ጆሮው ላይ ነደፈችው። እናቷን ሰደባት፤ መሰላሉን ግን አልለቀቀም።

በአየር ላይ የቀሩት ንቦች ተሰብስበው እስኪገቡ ካርቶኑ ከቦታው አይነሳም። አይቪን ሁለት ወንበርና ሁለት ቢራ አወጣ፤ ከፍሪጅ ያመጣውን በረዶ የሆነ የአተር ከረጢት ጆሮው ላይ ይዞ ተቀመጠ። ስለ ደብዳቤው ሁለቱም አላነሱም። ሚዛኑ ብርዱን ከክብደቱ እንዴት እንደሚለይ ጠየቃት። አስረዳችው፤ አልገባውም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።