ስም ሳይጠሩ ማንኳኳት

በዚያ ዓመት ዝናቡ አላቆም አለ። መንገዱ ተቆረጠ፤ ወደ ወርክሾፔ የውሃ ፓምፕ ለጥገና የሚያመጣ ጠፋ። ባለቤቴ አልጋ ያዘች። ሴት ልጄ ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ አቋርጣ መጣች። «እናትሽ ስትድን ትመለሻለሽ» ብዬ ቃል ገባሁላት። እናቷ ዳነች። ልጄ ግን አልተመለሰችም፤ የምንበላው እሷ በምትሠራው ነበርና።

ወርክሾፔ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግታ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ለክሊኒክ፣ ለመንጃ ማሠልጠኛ፣ ለአናጢዎች። እያንዳንዱ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት አለው። ቀኑ ካለፈ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይደቀናል፤ ሰው ያን አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀኖቹን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ጠባቂዋ እሷ ናት።

ዘንድሮ ኮሌጁ እንደገና ተቀበላት።

«ስክሪፕት እጽፋለሁ» አለች። «ኮምፒውተሩ ራሱ በየጠዋቱ እየዞረ ሁሉንም ገጽ ቀንህ መቼ ነው ይላል። የተቃረበ ካለ ስልክህ ላይ መልእክት ይልካል። እኔ ባልኖርም ይሠራል።»

«ከሠራ ትሄጃለሽ» አልኳት።

አልሠራም። «ከጻፍኩት መሃል አንዲት ባዶ ቦታ በዝታ ነው» ትላለች፤ ታርማለች፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ስሕተት ይተፋል። ምሳዋ ቀዘቀዘ። እኔ ብሎን እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ፤ ሥራ ኖሮኝ አይደለም።

በመጨረሻ ስክሪፕቱ ሁሉም ደህና ናቸው አለ። ሳንተነፍስ የክሊኒኩ ባለቤት ደወለ።

«ጋሼ፣ ገጻችን ቀይ ነው። ሰው ቀጠሮ መያዝ አቃተው።»

«እዚህ ደህና ነው ይላል።»

«እንግዲያው በሽተኞቹን ወደ እርስዎ ልላካቸው፤ ብሎን ያጥብቁላቸው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ልጄ «አባዬ፣ እስቲ ገጹን አንተ ክፈተው» አለች። ከፈትኩ።

«ይሠራል» አልኩ።

«ድገመው።» ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ደገምኩ። «አሁን የቱን ተጫንክ?»

«‹ይሁን፣ ግባ› የሚለውን።»

«ቀዩን ጽሑፍ አላየኸውም?»

«እሱ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? አንቺም ስትሞክሪ እንዲሁ ነው የምታልፊው። ካንቺ ነው ያየሁት።»

እውነትም በዚህ ቤት ያን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ወደ ስክሪፕቱ ተመለሰች። የሚመጣው መልስ ሁሉ እንዳለ እንዲታይ አደረገች። ክሊኒኩም፣ ማሠልጠኛውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀን መለሱ፤ የአናጢዎቹን ቀን። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

«ምን ሆነሽ?»

«ገጾቹ ሁሉ የሚኖሩት አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በሩን አንኳኳሁ እንጂ ማንን እንደምፈልግ አልተናገርኩም። አናጢዎቹ ለበሩ ቅርብ ናቸው፤ ለሁሉም የመለሱልኝ እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ስም ጥሪያ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።» ቀና አለች። «ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ እኔ እዚህ ከአናጢ ጋር…»

እናቷ ከጓዳ «እናንተ ዝም ብትሉለት ኮምፒውተሩም ይሰማ ነበር» አለች።

ልጄ የየገጹን ስም የሚጠራ ቃል ጨመረችበትና አስነሳችው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ክሊኒኩ ቀኑ አልፎበታል፤ ማሠልጠኛው ተቃርቧል። እኔ ሳነብላት ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም፤ ድካም ብቻ። የክሊኒኩን ምስክር ወረቀት አደሰች። ወደ ማሠልጠኛው ስትሄድ እጇን ያዝኩ።

«ይኼን ለኔ ተይው። ስታድሺ አይቻለሁ።»

«ብታበላሸውስ?»

«እደውላለሁ። መምህርሽ እየሰማ ትቆጪኛለሽ። ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

በማግስቱ አብረን ሄድን። በኮሌጁ የምዝገባ መስኮት ፊት ቆምን። መዝጋቢዋ ልጄን ቀና ብላ አየቻት።

«ለምን ነበር ያቋረጥሽው?»

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት» አልኩ። «እመልስሻለሁ ብያት ነበር፤ ይኸው አመጣኋት።»

ሴትዮዋ ማኅተሙን መታች።