ለጅረቱ አንድ ስንዝር

«እማዬ፣ ጅረቱ የት ሄደ?»

እናትየዋ ያን ዕለት ባዶ ባልዲዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየች። ችግኝ ከምታፈላበት ጓሮዋ ሥር ዓመቱን ሙሉ ኩልል እያለ ሲወርድ የኖረው ውሃ የለም፤ ጠጠሩ አግጥጧል። በአንዲት ኩሬ ውስጥ ብቻ ዓሦች ተፋፍገው አፋቸውን ይከፍታሉ። ከላይ ግን አዲሱ ትንሽ ግድብ ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ውሃው እስከ ቅዳሜ ካልመጣ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ። «የደረቀ ችግኝ ታቅፌ አልቀመጥም።»

ለእናትየዋ ያለቻት እሷው ብቻ ናት። ብስጭቷን እንደያዘች ሽቅብ ወደ ግድቡ ወጣች። ቁልፉን ከአንገቱ ስለማያወርድ «ባለቁልፉ» የሚሉት የግድቡ ጠባቂ፣ ከተኛው ውሃ የሚፈለፈለውን ትንኝ በባርኔጣው ያባርራል።

«አንተ! ጅረታችንን ምን አደረግኸው?»

«እኔን ለምን ይጠይቁኛል፣ እትዬ? በበጋ ይዘጋ በሚለው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የፈረሙት እርስዎ አይደሉ? ያውም የጣት አሻራ ንቀው!»

እውነቱን ነው። የጎልማሶች ትምህርት በጀመረች በሦስተኛው ወር ነበር። ጎረቤቶቿ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲነክሩ፣ እሷ ብዕር ተቀብላ ስሟን በኩራት ጻፈች።

«ያኔ ስሜን መጻፍ እንጂ ወረቀቱን ማንበብ መቼ ተማርኩ! እስቲ አምጣው።»

ፊደል በፊደል እየለቀመች ማንበብ ጀመረች። ባለቁልፉ ሦስት ጊዜ አዛጋ። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጮኸች።

«‹ለጅረቱ ሲባል መዝጊያው በየቀኑ አንድ ስንዝር ይከፈታል።› ይኸው! አንተ አላየኸውም?»

«ማን ያነባል፣ እትዬ? ዝጋ አሉኝ፣ ዘጋሁ።»

«ድንቄም ጠባቂ!»

ደንግጦ መዝጊያውን ከፈተ። ከውሃው ሥር የተኛው ጥቁር ደለል እየገማ ወረደ፤ በኩሬው የተረፉት ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ያን ውሃ ችግኝ ላይ የሚደፋ የለም። ንጹሑ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ የችግኙ መደብም እስከዚያ አመድ መስሏል።

ዛሬም በየጠዋቱ ሽቅብ ትወጣና የመዝጊያውን ክፍተት በገዛ ስንዝሯ ትለካለች። ባለቁልፉ እያጉረመረመ ይጠብቃታል።

ልጅቷ በዚያው ቅዳሜ አክስቷ ዘንድ ሄደች። እናትየዋ ቀረች፤ ባለቁልፉም፣ ትንኙም።